አራቱ ካቴቤዎች

ጁን 5፣ ሰኞ

ከአጎቴ ከካቴቤ ቤት ያመጣሁትን የቆርቆሮ ሳጥን ዛሬ ከፈትኩ። ሁለት ወር አልጋ ሥር ነበር። ምስጥ ቀድሞኛል። የጋብቻ ወረቀቱን ግማሽ በልቶ የቄሱን ፊርማ ትቶታል... ጣዕሙ አልተስማማውም መሰለኝ። የተረፉት ሃያ ሦስት ወረቀቶች ናቸው። ቁጥር ሰጥቼ፣ መስኮት ሥር አድርጌ፣ አንድ በአንድ በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። አሥራ አንዱ ላይ አውራ ጣቴ አለ። ደግሜ አነሳሁ። አሁን አራቱ ላይ ብቻ ነው።

ሚስቴ ፕሪስካ በበሩ ስታልፍ አየች። «መምህር፣ ጣትህንም ቁጥር ስጠው።»

ጁን 8፣ ሐሙስ

የአጎቴ መበለት ባና ቾላ ጋ ሄድኩ። አጎቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ፤ እሷ አሁንም እዚያው ግቢው ናት። ስሙን የሚወርስ ተገኝቶ ነጩን ዶቃ እጇ ላይ ካላሰረላት መውጣት አትችልም። ንዶላ ከተማ ያለችው ልጇ ክፍል አዘጋጅታ ትጠብቃታለች። የራሱ ልጆች አይወርሱም፤ ስም የሚሄደው ለእህት ልጅ ነው። የእህት ልጅ ደግሞ...

«ወረቀቱ አላለቀም?» አለች።

«የዘር ሐረጉን ስልክ ላይ እያስገባሁ ነው። ሲያልቅ ለማን እንደሚገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

«ስልኩ ነው የሚያውቀው?»

«በሥርዓት ከተሞላ።»

ካሳቫዋን መላጥ ቀጠለች። «እንግዲያስ ቶሎ በለው። ጉልበቴ እንደ ስልክህ አይደለም።»

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ ማንም አያነበውም። ሐረጉን የምሠራው ሌላ የእህት ልጅ ፍለጋ ነው። ከእኔ ሌላ።

ጁን 9፣ ዓርብ

ለምን ፈራሁ? ስሙን የወሰደ ሰው ካቴቤ ይሆናል፤ ነገሩ ይኸው ነው። መበለቲቱ ባሌ ትለዋለች። የካቴቤ ወዳጅ ወዳጁ፣ የካቴቤ ጠበኛ ጠበኛው። አጎቴ ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሲስቅ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ፣ ቀጠሮ የማያውቅ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ካሱባ ነኝ። አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። በስልሳ ስድስት ዓመቴ ሌላ ሰው ልሁን?

ሳነበው አልቃሻ ተማሪ የጻፈው ይመስላል። ከአሥር አራት።

ጁን 14፣ ረቡዕ

የአክስቴን የእማማ ንካንዱን ድምፅ ቀዳሁ። ዘጠና ዓመቷ ነው፤ ማስታወሷ ከእኔ ይሻላል።

«ካቴቤ የሉአፑላን ወንዝ በታንኳ ተሻግሮ መጣ። ሐይቁ ዳር ጎጆ ሠራ። ሚሲዮኖቹ አጠመቁት። ከዚያ መዳብ ማውጫ ሄዶ ሠራ። ሲመለስ በጀርባው አዝሎ ትምህርት ቤት አደረሰኝ። በኋላም እኔ በጀርባዬ አዘልኩት።»

«እማማ፣ አንቺ... እሱን?»

«ታናሼ አይደል እንዴ! ማን ይዘለው?»

ዓመተ ምሕረት ስጠይቃት ሳቀች። ዓመቶቹን ከሳጥኑ ወረቀቶች ወስጄ፣ እንደነገረችኝ አንድ ሰው አድርጌ አስገባሁት። ስልኩ ቀይ ምልክት አወጣ፤ «ይህ ሰው ዕድሜው 161 ዓመት ነው። እርግጠኛ ነዎት?»

አይደለሁም አልኩት። ጮክ ብዬ። ለስልክ መልስ መስጠት ጀምሬያለሁ...

ጁን 19፣ ሰኞ

አምስት ቀን ፈጀብኝ። ካቴቤን ለአራት ከፈልኩት። ወንዙን የተሻገረው፣ የተጠመቀው፣ መዳብ ያወጣው፣ አጎቴ። ለእያንዳንዱ የራሱ ሣጥን፣ የራሱ ቀለም፣ የራሱ የልደትና የሞት ዓመት። ቁጭ ብዬ አደነቅኩት፤ ሻይዬ እስኪቀዘቅዝ።

ከዚያ ስልኩ ጠየቀኝ፤ «እነዚህ አራት ሰዎች አንድ ሰው ይመስላሉ። ይቀላቀሉ?»

ደሜ ፈላ። እማማ ንካንዱ ምሳ ልትበላ መጥታ ነበርና ለሷ ከሰስኩ።

«አምስት ቀን ለፍቼ የለየኋቸውን አንድ ሰው ናቸው ይለኛል። ደንቆሮ!»

«እንዲህ አለ?»

«እንዲህ አለ።»

ስልኩን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ይሄስ ከአንተ የተሻለ ተምሯል። ማን ነው ያስተማረው?»

ፕሪስካ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ጓዳ ሮጠች። አልተደበቀም።

ጁን 27፣ ማክሰኞ

አለቀ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። «የእህት ልጅ፣ ወንድ፣ በሕይወት ያለ» ብዬ ፈለግኩ። ሦስት ስም ወጣ። ልቤ በደስታ ዘለለ።

ሙሶንዳ። ሙሶንዳ። ካሱባ።

ሙሶንዳን ሁለት ጊዜ አስገብቼዋለሁ። መሞቱን ግን አንድም ጊዜ አላስገባሁም። ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀብሩ ላይ ንግግር ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለፍቼ መንደሩ በሙሉ የሚያውቀውን አወቅኩ።

ጁን 28፣ ረቡዕ

ፕሪስካ «እና?» አለች። «ልፈትሸው ነው» አልኳት።

ጁላይ 2፣ እሑድ

ባና ቾላ ጉድጓድ ዳር ወደቀች። ውሃ ተሸክማ ነበር። የግራ ክንዷ ወለቀ። ክሊኒክ ስደርስ አስረውላት በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ንዶላ ሆና በስልክ ታለቅሳለች፤ ነገውኑ መኪና ልላክ ትላለች። ባና ቾላ እሺ አላለችም። «ሰው በሥርዓት ሳይፈታኝ እንደ ሌባ ሾልኬ አልወጣም። ከሱ ጋር አርባ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ።»

ለእኔ ሰላምታ ሰጠችኝ። ሌላ ምንም። ስልኩ ጨረሰ ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት...

ከዚያ በቀጥታ እማማ ንካንዱ ጋ ሄድኩ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ መግቢያና ሦስት ነጥብ ያለው። በሩ ላይ ሁሉም ጠፋኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«እናውቃለን» አለች። «የወራሹን ሰሌን በየሳምንቱ የማራግፈው ለማን መሰለህ?»

ጁላይ 15፣ ቅዳሜ

ሆነ። ሰሌኑ ላይ አስቀመጡኝ። እማማ ንካንዱ ግንባሬ ላይ ነጭ ዱቄት ቀባችኝ፣ ውሃ አጠጣችኝ፣ የአጎቴን ቀስት አስያዘችኝ። ቀስቱን በግልባጭ ያዝኩት፤ አስተካከሉልኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ በተራ እየተንበረከከ «ካቴቤ፣ እንኳን መጣህ» አለኝ። ግማሾቹ ተማሪዎቼ ነበሩ። ከክፍል ያባረርኩትም አለበት፤ እሱ ሁለት ጊዜ ነው የተሰለፈው።

የባና ቾላን ዶቃ ደህና በሆነው እጇ ላይ ማሰር ነበረብኝ። ክሩ ሦስት ጊዜ አመለጠኝ።

«ባሌ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለች፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ሳቁ ሐይቁን ተሻገረ። የፕሪስካ ሳቅ ከሁሉም ቀደመ። አራተኛው ላይ ቋጠርኩት። ባና ቾላ ዶቃውን አየችው፣ ከዚያ በነጠላ ጨርቋ ፊቷን ሸፈነች። ከሦስት ዓመት በፊት ቀብሩ ላይ ስታለቅስ አላየኋትም ነበር።

ጁላይ 18፣ ማክሰኞ

ባና ቾላን የንዶላ ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳት። በመስኮቱ አዘዘችኝ። «ጣሪያው እንዳያፈስ። ዶሮዎቹን ለፕሪስካ ስጥ። እና ካቴቤ፣ በሰው ላይ አትጩህ።»

እኔ በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም።

«እሺ፣ አልጮህም» አልኳት።

ጁላይ 30፣ እሑድ

ሐይቁ መሀል ካለችው ደሴት አንድ ሽማግሌ መጣ። ቺሴንጋ ይባላል፤ ሰማንያ አምስት ይሆነዋል። በምርኩዝ በሩ ላይ ቆሞ «ካቴቤ የቱ ነው?» አለ። ፕሪስካ በአገጯ አሳየችው።

ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም።

«እናቴ ስትሞት እመጣለሁ ብለህ መልእክት ላክህልኝ። ነጻነት ከመምጣቱ በፊት ባለው ዓመት። ታንኳህን ሁለት ቀን ሙሉ ጠበቅኩ። ሰዎቹ እንቅበራት ሲሉኝ ወዳጄ ይምጣ እላለሁ። በመጨረሻ ብቻዬን አፈር አለበስኳት። ደጅህን ላልረግጥ ማልኩ። ሞተ ሲሉኝም መሐላዬ አነቀኝ፤ ቀረሁ። ተመልሷል ሲሉኝ መጣሁ።»

ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል ነበርኩ ልለው አፌን ከፈትኩ። ዓመቱንም ላስረግጠው ፈልጌ ነበር። ምርኩዙ ላይ ያሉት ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል...

«አልመጣሁም» አልኩት። «አጥፍቻለሁ፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።»

ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠና ፕሪስካን የበቆሎ ገንፎ፣ ንሺማ፣ ተርፎ እንደሆነ ጠየቃት። ከዓሣ ጋር ሁለት ጊዜ በላ። ሲነሳ እንዲህ አለኝ፤

«መቃብሯ ማንጎው ሥር ነው። ጠዋት ታንኳ አለ።»

ነገ እሄዳለሁ። ስልሳ ዓመት ዘግይቻለሁ።