ለሁላችንም ስላደሉን አንድ ጤነኛ ሳንባ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ሥርዓት መምሪያ ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እርስዎም፣ የቢሮዎ ወፍራም ምንጣፍም፣ በግድግዳዎ ላይ በመስታወት የተሰቀለው የምስጋና ወረቀትም ሁላችሁም በደህና እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም በመምሪያዎ ትጋት ምክንያት እንደሚሆነው ሆነን አለን። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ድፍረት አብዝቼ አይደለም፤ ከዚህ ቀደም በእጄ ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች «ለሚመለከተው ክፍል» ተብለው ተመርተው፣ ያ ክፍል በየትኛው ፎቅ እንደሚገኝ ጸሐፊዎም፣ ዘበኛዎም፣ እኔም ፈልገን ስላጣነው ነው።

ማንነቴን ከረሱት፣ በሙያዬ ድረ ገጽ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ለዚህ ደብዳቤ ግን የሚበጀው ሙያዬ ሳይሆን የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም መሆኔ ነው። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተችብኝ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ዕድሜዬን ሙሉ እትዬ ስላት ኖሬያለሁ። የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ የደንብ ልብስ ያለበሰች፣ የማንንም ትከሻ ገና በር ላይ ሲቆም በዓይኗ የምትለካ ሴት ናት።

እትዬ ሳሉ ሲጠናባት ሆስፒታላችሁ መጥታ የደረት ራጅ ተነሣች። ዶክተሯም በኮምፒውተሯ ላይ የወጣውን ምስል ተመልክታ ሳንባዋ ንጹህ እንደሆነ፣ ሳሉንም ያመጣው የጨርቅ ብናኝ እንደሆነ ነግራት፣ ሽሮፕ አዝዛ ሸኘቻት። እትዬ ያን ቀን ቤት ስትገባ እልል ማለት ነበር የቀራት። አፏን በቁራጭ ጨርቅ አሰረችና ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ እንዲያ ሆና ወራት ሰፋች።

ደም መትፋት ስትጀምር እኔ ራሴ ደግፌ አመጣኋት። ያችው ዶክተር ለማነጻጸር ብላ የቀድሞውን ራጅ ስትከፍት እኔም ከኋላዋ ቆሜ አየሁት። እትዬ በወጣትነቷ መኪና ገጭቷት በግራ በኩል ከአንገቷ ሥር ያለው አጥንት በብረት ተያይዟል፤ በስሟ የወጣው ሳንባ ባለቤት ግን አንዲት ሚስማር እንኳ የለውም። ብረቱ የት እንደሄደ ጠየቅሁ። ዶክተሯ ቀጥላ የሌላ በሽተኛ ስም ከፈተች፤ ያው ሳንባ ወጣ። የሌላም ከፈተች፤ ያው ሳንባ። ከዚያ በኋላ እጇን ከማውሱ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ እትዬ ደግሞ ምንም ስላልገባት «ምነው ልጄ፣ መብራት ሄደ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

እንግዲህ ምስጋናና ቅሬታዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጽዳት ፍቅርዎ አመሰግናለሁ። አንባቢም እንዲረዳው በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ድረ ገጽ ምስል እንዲያሳይ ሲፈለግ፣ ምስሉ የተቀመጠበት ፎልደር ድረስ የሚያደርሰው መንገድ ይጻፍለታል። መንገዱን ከዋናው በር ጀምሮ መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ ገጹ የትም ይቀመጥ የት አይጠፋበትም። ወይም ደግሞ ገጹ ካለበት ቦታ ተነሥቶ፣ በሁለት ነጠብጣብና በአንዲት ዘንበል ያለች መስመር «ካለህበት ክፍል ውጣና ጎረቤት ያለውን ክፍል ግባ» ተብሎ ይጻፋል። ይህኛው አጭር ነው፤ ገጹ ከቦታው እስካልተነቃነቀ ድረስም አይከፋም። የእርስዎ ሰዎች የጻፉት ይህን ነበር፤ በዚህም አልወቅሳቸውም፣ እኔም ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። እርስዎ ግን እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ በተባለ ሰሞን የፎልደሩ መዝረክረክ ዓይንዎን ስለቆረቆረዎት፣ የራጅ ማሳያው ገጽ ተነሥቶ «ዘመናዊ አገልግሎት» የሚል ስም ወደ ተሰጠው፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ ወዳለ አዲስ ፎልደር እንዲዛወር አዘዙ። ገጹ ተዛወረ፤ መንገዱን ያረመለት ግን አልነበረም። ምስኪኑ ገጽም እንደተነገረው ካለበት ክፍል ወጣ፣ ጎረቤት ያለውን ክፍል አንኳኳ፤ እዚያ ግን ራጅ የሚባል ነገር አልነበረም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ገበና ሸፋኝነትዎን ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ምስሉን ያጣ ገጽ በተፈጥሮው አያፍርም፤ የተቀደደች ትንሽ ሥዕል አውጥቶ «የለም» ይላል። ያች አስቀያሚ ምልክት ብትወጣ ኖሮ ዶክተሯ ወዲያው ስልክ ታነሣ ነበር፤ እትዬም ያኑ ዕለት ድጋሚ ራጅ ትነሣ ነበር። ነገር ግን ከሠራተኞችዎ አንዱ አንገቱን ደፍቶ እንደነገረኝ፣ እርስዎ በእንግዶች ፊት የተቀደደ ነገር እንዳይታይ ብለው «ምስል ከታጣ በምትኩ ይህ ይውጣ» የሚል ትእዛዝ በገጹ ላይ አስጻፉ። የመረጡትም ናሙና፣ ዓይን አይግባበትና፣ ጥርት ያለ፣ ሰፊ፣ ሲያዩት የሚያስቀና ሳንባ ነበር። እንግዶቹም አይተው አጨበጨቡ፣ መርቀው ወጡ። ናሙናውን ግን አውጡት ያለ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአዛውንት እስከ ሕፃን፣ ከአጫሽ እስከ ድንጋይ ፈላጭ፣ በሆስፒታላችሁ ደጅ ያለፈ በሽተኛ ሁሉ ያለ ልዩነት አንድ ጤነኛ ሳንባ ተሰጠው። እንዲህ ያለ እኩልነት በሌላ መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ መስተንግዶዎ ነው። ይህን ሁሉ ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ወንበር ሰጥተውኛል፤ አልዋሽም። በመምሪያዎ አሠራር መሠረት ማንኛውም አቤቱታ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሞከርና፣ እዚያ ከሠራ እንደሚዘጋ በትዕግሥት አስረድተውኛል። የእርስዎ ኮምፒውተር ከዝውውሩ በፊት የነበረውን የፎልደር አቀማመጥ እንደያዘ የቀረ ብቸኛ ኮምፒውተር ስለመሆኑ ልነግርዎ ብሞክርም፣ ፈገግ ብለው የእትዬን ቁጥር መቱ፤ ስክሪኑንም ወደ እኔ አዞሩልኝ። እውነትም ወጣ። ብረቱ ከነሚስማሮቹ አለ። «ይኸው፣ እኛ ጋ ይሠራል» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ለምን ተነሥቼ እንደወጣሁ አልገባዎትም ነበር፤ ዛሬ ልንገርዎት። ከብረቱ ዝቅ ብሎ፣ በግራ ሳንባዋ ላይ፣ እንደ እኔ ያለ ሐኪም ያልሆነ ሰው እንኳ የማይስተው ነጭ እብጠት ቁጭ ብሏል። እትዬ ሽሮፕ በምትጠጣበት፣ በሽታው በሚሰፋበት ወራት ሁሉ፣ እውነተኛው ራጅ በዚያ ሕንፃ ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ይከፈት ነበር፤ እሱም ራጅ ማንበብ የማያውቁት የእርስዎ ኮምፒውተር ነበር። እርስዎም የእህቴን ሞት በጣትዎ እየነካኩ ሥርዓቱ ጤነኛ ስለመሆኑ ማስረጃ አድርገው አሳዩኝ። ተነሥቼ መውጣቴን እንደ መርታት ቆጥረውት ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዶክተሯ ያኔ ታይቶ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል እንደነበር አልደበቀችኝም። አሁን ወደ ጉበቷ ወርዷል። እትዬ ጓዳ ባለው አልጋ ላይ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለብሷል፤ ለመተንፈስ ሦስት ትራስ ትደገፋለች። ልቤ በግኗል፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም።

አራተኛና ዋናው፣ ደብዳቤውንም ያስጻፈኝ ይህ ነው። መምሪያዎ በስተመጨረሻ መንገዱን አርሞታል፣ ናሙናውንም አውጥቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም ስለዚህ አመሰግናለሁ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የናሙናውን ሳንባ ይዘው ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው የተመለሱት ሰዎች እስከ ዛሬ አልተጠሩም። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ ችግሩ ስለተቀረፈ ሕዝብን ማሸበር እንደማያስፈልግ በጸሐፊዎ በኩል ነገሩኝ። የተቀረፈው የገጹ ችግር ነው፤ የሰዎቹ ሳንባ እንዳለ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን፤ በሽታው ከባለቤቱ ስለተደበቀበት ሰው ግን ምንም አላሉም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብለው ሳይጠረጥሩ ቀርተው ይሆናል።

እትዬ ራጅ የተነሣች ቀን ወረፋ ላይ ከጎኗ አንድ ግንበኛ ነበረ። እሷ ቆማ ስታስል አይቶ፣ እሱም እያሳለ፣ ወንበሩን ለቀቀላት፤ ስለ ልጆቹ እያወሩ ተራቸውን ጠበቁ። ስሙን አልጠየቀችውም። ይህን ጉድ ከሰማች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ውሃ ይዤላት ስገባ የምትጠይቀኝ ስለ ራሷ አይደለም፤ «ያ ግንበኛ ተጠራ ወይ?» ነው የምትለው። አልተጠራም ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትናንት ግን ተጠርቷል ብዬ ዋሸኋት። ሳቅ አለችና «ተመስገን፣ ልጆቹ ትንንሾች ናቸው» አለች። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፤ ውሸቴን እውነት ያድርጉልኝ። ሰዎቹን ይጥሯቸው።

የስልክ ቁጥራቸው የለንም እንዳይሉኝ፤ አላችሁ። ባለፈው ሳምንት ከእትዬ ትራስ ሥር ያለው ስልክ ጮኾ አንሥቼ ሳነበው፣ መሥሪያ ቤታችሁ በሰጣት አገልግሎት ምን ያህል እንደረካች ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር እንድትመልስ በትሕትና ይጠይቃታል። ይህችን መልእክት ለሁሉም መላክ የቻለ መምሪያ፣ «እባክዎ ተመልሰው ይምጡ» የሚል መልእክት ለመላክ ምን እንደሚያንሰው በሙያዬም በወንድምነቴም አስቤ አስቤ አልደረስኩበትም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በሥራዎ ሁሉ ከፍ ከፍ እንዲሉ፣ ፎልደሮችዎም እንዳማረባቸው እንዲኖሩ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይበርድ ቁጣ ጋር፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከዘጋሁ በኋላ ያ አንገቱን የደፋ ሠራተኛዎ መንገድ ላይ አግኝቶኝ አንድ ነገር ነገረኝ። ያ ናሙና ሲወጣ በነበረበት ሰሞን የመሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኞች በሙሉ ዓመታዊ የደረት ምርመራ ተደርጎላቸው ነበር፤ እርስዎም ራጅ ተነሥተው፣ ሐኪሙ በራሱ ስክሪን አይቶ ሳንባዎ ንጹህ ነው ብሎዎታል። ይህችን ያለ ሽሙጥ ነው የምጽፈው፤ ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ሄደው ድጋሚ ይነሡ። እስካሁን ማንም አልደወለልዎትም፤ መደወል የነበረበት የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነውና።