የጾሟ ቢላ

አስኩዬ፣ የማርታ እናት፣

ከተለያየን ዓመት ሞልቶ አለፈ። ሙት ዓመትሽንም አውጥተናል። ቀደም ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ቸግሮኝ ተውኩት። አሁን ግን አንድ የምነግርሽ ነገር አለ፣ እሱን ሳልነግርሽ ደግሞ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ፣ ወሬ ሳትሰሚ ቁም ነገር አትሰሚም ነበርና። ማርታ አርባ ምንጭ ሥራ ይዛለች። በየሁለት ቀኑ ትደውላለች፣ የምትለኝም ያው አንቺ የምትዪኝን ነው፤ በላህ ወይ ትለኛለች። አቮካዶው ዘንድሮ እብድ ሆኖ አፍርቶ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አሰለቸሁት፣ አሁን እኔን ሲያዩ በር የሚዘጉ አሉ። የኩሽናው በር እንደ ድሮው ይጮኻል። ዘይት አጠጣዋለሁ እንዳልኩሽ ነው፣ ገና አላጠጣሁትም። እኔም ወጥ መሥራት ተምሬአለሁ። ተምሬአለሁ ስል ያበሰልኩትን እኔው እበላዋለሁ ማለቴ ነው፤ ሌላ ሰው አልጋብዝም። ሽንኩርት በከተፍኩ ቁጥር ጣቴም አብሮ ይከተፋል።

የሚቆርጡኝ ያው ሁለቱ ቢላዎችሽ ናቸው። አንደኛው ሰፊው ነው፣ ጫፉ የተሰበረው። የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ የቀለም ቆርቆሮ ልክፈት ብዬ። እጀታውንም ያኔ ካሣ ይሁን ብዬ ከመዶሻ እንጨት ጠርቤ ሠራሁልሽ፣ ለእጅሽ ወፍራም ሆኖብሽ እንኳ ተባረክ ነው ያልሽኝ። እናቴ ከገጠር መጥታ ቆጮ አከታተፍ ያሳየችሽ በእሱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከጎኗ ቁጭ ብለሽ ቃጫው እስኪጠፋ ስትከትፊ አይታሽ፣ ይቺ ልጅ እጇ ሲዳማ ነው ብላ ለመንደሩ ሁሉ አወራች። ሌላዋ ደግሞ ቀጭኗ ናት። ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቶ ጀርባዋና ስለቷ ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም። እጀታዋን በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልለሻት፣ አውራ ጣትሽ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፕላስተሩ ተፍቆ ጎድጉዷል። እኔ ስይዛት ጣቴ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም።

እንግዲህ እኔ ዕድሜዬን በዩኒቨርሲቲ ንብረት ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። አንድ መጋዝ ቢመልሱልኝ ጥርሱን አይቼ ምን ሲቆርጡበት እንደከረሙ እነግራቸው ነበር፤ ሚስማር ያስነካበትን ሰው አንቄ ነበር የምይዘው። የቤቴን ሁለት ቢላ ግን አላውቃቸውም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ።

ማወቅ ይገባኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ነግረሽኛል። ስንጋባ ያንቺም ቤተሰብ የኔም ቤተሰብ ፊቱን አዙሮብን ነበር። አንቺ ጾመኛ የቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ እኔ የጸሎት ቤት ልጅ፣ ማን ይስማማ። እኔም ያን ሰሞን ሰው በዓይኑ ገረፍ ካደረገኝ ለጠብ የምነሣ ነበርኩ። የመጀመሪያው ጾም ሲገባ ሁለቱን ቢላዎች ጎን ለጎን አስቀምጠሽ፣ ይሄ የፍስክ ነው፣ ይቺ የጾም ናት፣ እባክህ ይቺን ሥጋ አታስነካብኝ አልሽኝ። በለስላሳ ድምፅ ነበር ያልሽኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ቢላም ሃይማኖት አለው እንዴ፣ በገዛ ቤቴ እጄ ረከሰ ማለት ነው ወይ ብዬ ቢላዎቹን እንኳ ሳላያቸው በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ስመለስ ራት አቅርበሽ ጠበቅሽኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቢላ አንድ ቃል ተንፍሰሽ አታውቂም፣ እኔም አሸነፍኩ ብዬ ረሳሁት።

ቢላ መሳል ግን ትወጂ ነበር፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶ ይዤ እመጣለሁ። ጎረቤቱ ዓሣ ጾም አያስገድፍም እያለ ሲበላ አንቺ በጾም አትቀምሺውም፣ ለእኔ ግን ትሠሪልኛለሽ። ጨው መብዛቱን ቀምሰሽ ስለማታውቂ እኔን ታስቀምሺኝ ነበር። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ከየት ይምጣ፣ እስክትደርሺ ሳልጠብቅ ፊቴ ያገኘሁትን ቢላ አንሥቼ ቅርፊቱን እፍቃለሁ፣ ሆዱን እሰነጥቃለሁ። ስጨርስ ቢላውን ከእጄ ተቀብለሽ ወደ ጓሮ ትወጫለሽ። ቧንቧው አጠገብ ካለው ድንጋይ ፊት በርጩማሽን ስበሽ፣ አሸዋ ነስንሰሽ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሽ ትስያለሽ። ብረቱ ድንጋዩ ላይ ሲፋጭ ሳሎን ድረስ ይሰማኛል። አንቺ ሴትዮ ሉካንዳ ልትከፍቺ ነው ወይ እልሻለሁ። ምን ይታወቃል ብለሽ ትስቂያለሽ። እኔም ቢሮ ሄጄ የሚስቴ ቢላ ጢም ይላጫል እያልኩ እኩራራ ነበር። አስኩ፣ ስንት ዘመን በዚህ ኮራሁ!

የመጨረሻዋን ፍልሰታ ደግሞ አንቺም እኔም አንረሳትም። አልጋ ላይ ነበርሽ። የንስሐ አባትሽ መጥተው፣ በሽተኛ ጾም የለበትም፣ የተገኘውን ብይ ብለውሽ ነበር፤ እሺ አባቴ ብለሽ ሸኘሻቸውና ጾምሽን ቀጠልሽ። እኔ ጎመን ልሠራልሽ ተነሣሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አይደል፣ ደስ ሊልሽ ነው ብዬ ከአልጋሽ ትይዩ ተቀምጬ እያየሽኝ መክተፍ ጀመርኩ። ቀጭኗን ቢላ ነበር የያዝኩት። ከዚያ በፊት ባለው ማታ በእሷው ጥብሴን ስቆራርጥ አይተሽኛል። ማቴ፣ ቢላዋን ሳላት አልሽኝ። ስል ናት እኮ አልኩሽ። ትንሽ ቆይተሽ፣ እባክህ ድንጋዩ ጋ ውሰዳት አልሽኝ። እውነት እልሻለሁ፣ በሽታው አእምሮሽን የነካው መሰለኝ። እሺ፣ አንቺ ብቻ አረፍ በይ አልኩና ክተፋዬን ቀጠልኩ። ጎመኑን ሳቀርብልሽ መጀመሪያ ሳህኑን አየሽ፣ ቀጥሎ እኔን አየሽኝ፣ አልራበኝም አልሽ። ደረቅ ዳቦ በሻይ ነክረሽ ቀመስሽ። በማግስቱም ሠራሁ፣ በማግስቱም አልራበኝም አልሽ። ለሐኪሙ የምግብ ፍላጎቷ ጠፍቷል ብዬ ነገርኩት፣ እሱም አንገቱን ነቀነቀ። ጾሙ ሳይፈታ ሄድሽ።

አሁን ወደ ሙት ዓመትሽ ልምጣ። ያው ፍልሰታ ላይ ዋለ። እህትሽ እትዬ ዘነበች ዋዜማውን ከይርጋለም መጡ። ገና ነጠላቸውን ሳያስቀምጡ ኩሽና ገብተው ዕቃ ማየት ጀመሩ፣ የእሳቸውን ነገር ታውቂው የለ። ነገ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው፣ የአስኩ የጾም ቢላ የትኛዋ ናት አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስኖር ሥጋውንም ሽንኩርቱንም እጄ ባገኘው ቢላ ስቆርጥ ከርሜአለሁ። በቤትሽ የጾም የሚባል ቢላ አልቀረም። እውነቱን ብናገር ባሏ የጾም ዕቃዋን አልጠበቀም ይባላል ብዬ ፈራሁ። እንደ ሌባ ዓይኔን አሸሸሁና ቀጭኗን አነሣሁላቸው። ይቺ ናት አልኳቸው። አልበቃኝ ብሎ፣ ሥጋ ነክቷት አያውቅም ብዬ ጨመርኩበት። እትዬ ዘነበች አገላብጠው አዩዋት፣ በአውራ ጣታቸው ስለቷን ዳሰስ አደረጉና ቅርጫቱ ውስጥ ከተቷት።

በማግስቱ የእድርሽ ሴቶች ከጠዋቱ መጡ። ግቢው ሽንኩርት በሽንኩርት ሆነ፤ ምስሩ ይለቀማል፣ ጎመኑ ይታጠባል። እኔ አቮካዶው ሥር ተቀምጬ እትዬ ዘነበች በዚያች ቢላ ሲከትፉ በበሩ በኩል አያለሁ። እነዚህ ሴቶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸው ውሃ ሳይነካ ጾመው፣ ያንቺን ነፍስ ይማር ብለው ሊበሉ ነው። በኔ ውሸት ጾማቸውን ሊገድፉ ነው፣ ያውም ባንቺ ስም። እኔ በነሱ ጾም አላምንም ብዬ ልጽናና ሞከርኩ። አልሆነልኝም። የማላምንበት እኔ ነኝ እንጂ አንቺ ታምኚበት ነበር፣ ድግሱ ደግሞ ያንቺ ነው። ድስቱ ሳይጣድ ተነሥቼ እትዬ ዘነበችን ለአንድ ጉዳይ ብዬ ወደ ጓሮ ጠራኋቸው።

እዚያው ቧንቧው አጠገብ ቆመን ነገርኳቸው። እትዬ፣ ዋሽቻለሁ፣ ቢላዋን ዓመት ሙሉ ሥጋ ሳስነካት ከርሜአለሁ፣ ሽንኩርቱ ይደፋ፣ ሌላ እገዛለሁ አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና አውቃለሁ አሉኝ። ጎህ ሲቀድ ተነሥተው እዚያው ድንጋይ ላይ በአሸዋ ስለዋታል። ድምፁን ሰምቼው ነበር አስኩ። በእንቅልፍ ልቤ አንቺ መስለሽኝ ተመልሼ ተኛሁ።

ከዚያ የነገሩኝ ነው ዛሬ እንድጽፍልሽ ያደረገኝ። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርግ የኖረችው ይሄንኑ ነው አሉኝ። ሥጋ ባስነካሃት ቁጥር፣ ዓሣ በፋቅክባት ቁጥር፣ የነካው ላዩ እስኪለቅ ድረስ ትሞርዳት ነበር፣ እናታችን እንደዚያ ነበር የምታደርገው አሉ። ንስሐ አባቷ መታጠቡ ይበቃል ቢሏትም ልቧ አያርፍም ነበር። ለምን አልነገረችኝም አልኳቸው። አንድ ጊዜ ነግራህ በር ወርውረህ ወጣህ፣ ሁለተኛ ላስከፋው አልፈልግም አለችኝ አሉ። ቢላዋንም አምጥተው አሳዩኝ። ሽንኩርት ቢላን እንዲህ አያሳሳም፣ ማቴዎስ፣ ያሳሳሃት አንተ ነህ አሉኝ። በቁጣ አልነበረም ያሉኝ። ተመልሰው ወደ ክተፋቸው ገቡ።

እኔ በርጩማሽ ላይ ቁጭ አልኩ። ድንጋዩም መሃሉ ጎድጉዷል፣ እሱንም ያን ቀን ነው ያየሁት። ከዚያ ጎመኑ ትዝ አለኝ።

የጎመኑን ነገር ለእትዬ ዘነበች አልነገርኳቸውም። ለማርታም አልነገርኳትም። ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፣ አንቺ ደግሞ ከኔ በፊት ታውቂዋለሽ። አእምሮሽ ደህና ነበር። ርቦሽ ነበር። ራስሽ ተነሥተሽ ወደ ድንጋዩ መሄድ ስላልቻልሽ እኔን ለመንሽኝ፣ ሁለት ጊዜ ለመንሽኝ፣ እኔ አረፍ በይ አልኩሽ። ከጓሯችን እስከ አልጋሽ ስንት እርምጃ ነው? ወጥቼ ጥቂት ፋቅ ፋቅ አድርጌ ብመለስ ጎመንሽን ትበዪ ነበር። ምክንያቱን ብትነግሪኝ አደርገው ነበር ብዬ ልከራከርሽ አሰብኩ፤ ምክንያትሽን እንዳትነግሪኝ ያደረግኩሽም እኔው ነኝ። ይህን ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልደፍር ብሏል። የምትመልሺልኝን አውቃለሁ፣ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል ብለሽ ራት ታቀርቢያለሽ። እሱ ነው የሚብስብኝ።

ለራሴ ከገበያ ቢጫ የላስቲክ እጀታ ያለው ቢላ ገዝቻለሁ። ሥጋዬንም ዓሣዬንም በሰፊውና በእሱ እቆርጣለሁ። ቀጭኗን ለብቻዋ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ሚስማር ላይ ሰቅያታለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትዪኝ ይሆናል፣ ልክ ነሽ። ጾመኛ ሆንኩ እያልኩሽም አይደለም፣ የጸሎት ቤት ሰው ነኝ፣ እዚያው እሞታለሁ። ግን ረቡዕና ዓርብ በእሷ ሽንኩርት ከትፌ ምስር ወጥ እሠራለሁ፣ ጨዉንም ሳልቀምስ ነው የማወርደው፣ እንዳንቺ።

ባለፈው ሳምንት ማርታ መጥታ ነበር። የበሬ ሥጋ ገዝታ ገባችና እጇን ወደ ቀጭኗ ዘረጋች። ያቺን ተያት፣ የጾም ናት አልኳት። ሳቀችብኝ። አባዬ፣ ቢላም ሃይማኖት አለው እንዴ አለችኝ። ቃሉ ከኔ የወጣ ያህል ደነገጥኩ። ቁጭ አደረግኋትና የእናትሽ አለው አልኳት፣ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሬ፣ በሩን እንዴት ወርውሬ እንደወጣሁ ጭምር ነገርኳት። ጎመኑ ላይ ስደርስ ግን ወሬውን ቆርጬ ቢጫውን ቢላ አቀበልኳት። እሱን በሌላ ቀን እነግራታለሁ፤ ሳልነግራት አልሞትም፣ ይህን ቃል እገባልሻለሁ።

ቢላዋ የቀራት ጥቂት ነው አስኩዬ፣ ብርሃን ላይ ስይዛት እንደ ቅጠል ሆናለች። እኔ እያለሁ ሥጋ አይነካትም፣ ድንጋዩም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የቀረቻትም በሽንኩርትና በጎመን ትለቅ።

የማርታ አባት፣
ማቴሽ