ምሰሶው የነበረበት ቦታ

ሰኞ
ልጄ ደሳለኝ የቤቴን ምሰሶ ሳይጠይቀኝ ቆረጠ።

ባሕር ዳር ሆስፒታል እናቱን ሳስታምም ነው ያደረገው። ጥሩዬ ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታ ሳለ እሱ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤቴ ውስጥ አናጢ አስገባ። ዛሬ ስንመለስ የበሩ ደፍ ተነስቷል። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኗል። መጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ ተበጅቶለታል፤ በየግድግዳው የብረት መያዣ ተተክሏል። ጣሪያውን ብረት ተሸክሞታል። መሃል ቤቱ ባዶ።

«አባ፣ የእማዬ ባለ ጎማ መደገፊያ እንዲያልፍ ብዬ ነው» አለ። ወደ ሥራው፣ ወደ ደጀን ሄደ።

ማክሰኞ
የጥሩዬ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ከአልጋ ተነስታ ምሰሶውን ትይዛለች፤ ከዚያ በቀኝ ጓዳው፣ በግራ በሩ። እንዲህ ነበር የምትሄደው። ዛሬ መደገፊያውን አስያዝኳት። ትንሽ ተራመደችና አንድ እጇን ለቃ አየሩን ዳበሰች። አላገኘችም። እዚያው ደርቃ ቀረች። ደግፌ መለስኳት።

ሐኪሙ ካልተራመደች ተኝታ ትቀራለች ብሏል።

ረቡዕ
አልነሳም አለች። ለመንኳት። ተቆጣሁ። ወይ ፍንክች።

ልትጠይቃት የመጣች ጎረቤት መያዣዎቹን አይታ «ክሊኒክ ከፈታችሁ እንዴ?» አለች። ጥሩዬ አልሳቀችም።

ሲመሻሽ መብራት ጠፋ። ሻማ ይዤ ስመለስ ጥሩዬ «እዚያ የቆመው ማን ነው?» አለች።

ማንም የለም አልኳት።

«ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ለምን ዞረህ ታልፋለህ?»

እርምጃዬን ትሰማለች። እውነቷን ነው። ከተመለስን ጀምሮ ባዶውን ቦታ እየዞርኩ ነው የማልፈው።

ሐሙስ
እንቅልፍ አጣሁ። ልጆቿን ሁሉ ያማጠችው ያንን ምሰሶ ይዛ ነው። ደሳለኝንም። ተወልዳ ሳታለቅስ የቀረችውንም ሴት ልጅ። ያን ዕለት ጣቶቿን ከእንጨቱ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። ስለዚያች ልጅ ተነጋግረን አናውቅም።

ዛሬ ጠዋት «ልጅቱን እዚያ ምሰሶው ቦታ ብቻዋን ቆማ አየኋት» አለችኝ።

ጓሮ ወጣሁ። ምሰሶው ከአጥሩ ሥር ተጥሏል፣ በመጋዝ ለሁለት ተቆርጦ። እጇ ያለሰለሰው ቦታ በታችኛው ግማሽ ላይ ደህና አለ።

ዓርብ
አዲሱን ሲሚንቶ በዲጅኖ ሰበርኩ። ወገቤ ሊበጠስ ነው። ግማሹን ምሰሶ በድሮው ጉድጓድ፣ በድሮው ልክ ተከልኩት፤ ዙሪያውን ድንጋይ ጠቀጠቅሁበት። ደረቴ ድረስ ቆሟል። የተሸከመው ነገር የለም።

ቅዳሜ
ደሳለኝ መጣ። ወለሉን አየ፣ እኔን አየ። «መደገፊያው አያልፍም እኮ፣ አባ።»

ይሞከር አልኩት።

ጥሩዬን አስነሳናት። መደገፊያዋን እየገፋች መጣች። እጇን ዘረጋች። አገኘችው። ቀስ እያለች እስከ ጫፉ ዳበሰችው፤ ከዚያ በላይ አየር ሆነባት። ፈራሁ።

«እሱም እንደኛ አጥሯል» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረች። ጎማው እንጨቱን ፋቅ አድርጎት አለፈ። ጓዳ ገባች፣ ብቻዋን።

ልጄ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት፣ ሲሚንቶ አምጣና የሰበርኩትን ለስን አልኩት። ተንበርክኮ ለሰነ።

ጥሩዬ ወደ አልጋዋ ስትመለስ እንጨቱን በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ማንን እንደምታስተኛ አልጠየቅኋትም። እኔም ቦታውን አሁንም ሰፋ አድርጌ ነው የምዞረው።

ደሳለኝ ማታ ምሰሶውን ሳይጠይቀኝ የመቁረጡን ነገር ሊያነሳ ሞከረ። አስቆምኩት። ከእንግዲህ ለእሱም ለማንም አልናገርም። እዚህም አልጽፈውም።