የማይሞትብኝን ቋንቋ ፍለጋ

ውድ ጋሼ፣

ሰላምታውን ሁሉ እንደጻፍኩት ቁጠርልኝና በቀጥታ ልንገርህ፦ ፈርቻለሁ። ስልክ መደወል አቅቶኝ አይደለም፤ ድምፄ እንዳይከዳኝ ብዬ ነው። ደብዳቤውን ወደ አንተ ለምትመጣው ልጅህ እሰጣታለሁ፣ ዛሬ ማታ ይደርስሃል። ሳቅ ብለህ «አንቺ ደግሞ መቼ ሳትፈሪ ቀርተሽ ታውቂያለሽ?» እንደምትል አውቃለሁ። ይሄኛው ግን የእስከዛሬው ዓይነት አይደለም።

ማተሚያ ቤታችን ሥራው እየቀዘቀዘ መምጣቱን ነግሬሃለሁ። ሰዉ የጥሪ ካርዱንም ማስታወቂያውንም ቁጭ ብሎ በስልኩ ማዘዝ ለምዷል፤ እኛ ጋ ግን ዛሬም ደንበኛው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ነው የሚያዘው። አለቃችን ሰበሰበንና «ወይ የራሳችን ማዘዣ ድረ ገጽ ይኖረናል፣ ወይ የዲዛይንና የጥረዛ ክፍሎቹን ዘግቼ ሥራውን ለሌላ ድርጅት እሰጣለሁ» አለን። ክፍሉ ጸጥ ረጭ አለ። ጥረዛ ክፍል ያሉት እትዬ፣ ሙጫ የማይለቀው እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ። ዲዛይን ክፍል ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የማፈጠው እኔ ነኛ! ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እኔ ተምሬ እሠራዋለሁ» ብዬ አረፍኩት። ድፍረት እንዳይመስልህ፤ ዝምታው ስላስፈራኝ ነው።

መከራዬ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ አንድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስንት ዓይነት ነው! የሂሳብ ሠራተኛችን ባል በዚሁ ሥራ ነው የሚተዳደረው፤ ሄጄ ጠየቅኩት። «ፒኤችፒ ተማሪ፤ ስንቱ ድረ ገጽ እኮ በሱ ነው የቆመው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። ባንክ የሚሠራው ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ «ፒኤችፒ? ኧረ እሱ ሞቷል! ፓይተን ያዢ፣ ለጀማሪም ይቀላል» አለኝ። ፒኤችፒውን ጥዬ ፓይተንን ያዝኩ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አስተማሪ ደግሞ ለድረ ገጽ ከጃቫስክሪፕት ሌላ አያስፈልግም ብሎ ድርቅ አለ። ወደ እሱ ዞሬ ገና ሳልደላደል ሌላው ብቅ ብሎ «የጃቫስክሪፕትም ቀኑ እያለቀ ነው» አይል መሰለህ! አንዱን ሳነሳ ሌላውን ስጥል፣ ይኸው በሦስቱም ቋንቋ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛውን ግን በአንዱም አላየሁትም።

ወገቤን የምትቆርጠው «ሞቷል» የምትለዋ ቃል ናት። ለምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። የጽሕፈት መኪና ጥገና ስትማር ሙያው ቀድሞህ እንደሚሞት የነገረህ ሰው አልነበረም። አንተን የሚያህል ጠጋኝ በዚህ ከተማ አልነበረም፤ እሱ ግን አላዳነህም። እና እኔ ማን ነኝና ነው የሚቆየውን ከሚሞተው ለይቼ የማውቀው?

በዚህ ሳምንት አለቃችን «እስቲ የደረስሽበትን አሳዪኝ» አለኝ። ቋንቋ ባልመርጥም የገጹን መልክ እንዴት እንደሚያስቀምጡት ለምጄ ስለነበር አንድ ገጽ ሠርቼ አቀረብኩ። እንደ ጥሪ ካርድ ሁሉን ነገር በሴንቲ ሜትር ለክቼ፣ ኅዳጉን ጠብቄ፣ «ይዘዙ» የምትለዋን ቁልፍ ቀኝ ጥግ ላይ ቁጭ አድርጌ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ስታየው ያምራል። አለቃዬ ግን ስልኩን አወጣና ከፈተው። «ማዘዣው የታለ?» አለኝ። ቁልፏ ከስክሪኑ ውጭ ቀርታለች! ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ወረቀት ነው። ወረቀት ሰው እጅ ሲገባ አይጠብም። ማሽን ክፍል ያለው ቀልደኛ «ችግር የለውም፣ ደንበኛው ቀሪውን ገጽ ከኪሱ ውስጥ ይፈልገዋል» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

አለቃዬ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሰኞ ጠዋት በየትኛው ቋንቋ እንደምትሠሪውና መቻል አለመቻልሽን ቁርጡን ንገሪኝ» ብሎኝ ሄደ። ስወጣ እትዬ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። «የኔ ልጅ፣ እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አላውቅም። ብቻ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?» አሉኝ። ጉንጫቸውን ስሜ ወረድኩ።

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት ቁጭ ብዬ ገጹን አፈረስኩት። ሴንቲ ሜትሩን ሁሉ ትቼ እንደ ስክሪኑ ስፋት እንዲጠብና እንዲሰፋ አደረግኩት። ቁልፏ ስልኬ ላይ ታየች። ስነካት ግን ዝም! የሚያንቀሳቅሳት የለም። የትኛውንም ቋንቋ ልምረጥ፣ ደንበኛው እጅ ላይ ያለችውን ቁልፍ ለማናገር ዞሮ ዞሮ ጃቫስክሪፕት ጋ መምጣቴ አይቀርም፤ ትእዛዙን ከጀርባ ተቀብሎ የሚያስቀምጠውም በሱ ሊጻፍ ይችላል። ይህን ያህል ጊዜ «የትኛው አይሞትም?» እያልኩ ስጠይቅ፣ «የኔ ሥራ የትኛውን ይፈልጋል?» ብዬ አንዴም አልጠየቅኩም። የጃቫስክሪፕቱን ሁለተኛ ምዕራፍ ከፈትኩ። እየተሳሳትኩ፣ እየሰረዝኩ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ቁልፏን ስነካት «ትእዛዝዎ ደርሶናል» አለችኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በእርግጥ የደረሰ ትእዛዝ የለም፤ ጽሑፉ ብቻ ነው። ቢሆንም ሰኞ ጠዋት «ጃቫስክሪፕት ነው፣ እሠራዋለሁ» እላለሁ።

ከመረጥኩ ይለቀኛል ያልኩት ፍርሃት ግን ጭራሽ ባሰበት። ባልችለውስ? ችዬውስ ቋንቋው ነገ ጥሎኝ ቢሄድ? እትዬ በእኔ ተማምነው ሌላ ሥራ መፈለግ ቢተዉስ?

አንድ ቀን ሱቅህ ስመጣ አንድ የጽሕፈት መኪና ፈታተህ ታጸዳ ነበር። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የማንም አልነበረም። ደንበኛ መምጣት ካቆመ ቆይቶ ነበር። አጠገብህ ተቀመጥኩና ስለ እማዬ ጉልበት አወራን፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን። አንተ ብሎኑን አንድ በአንድ እየጠረግክ ትመልሳለህ። ስለ መኪናው አንተም አላነሳህ፣ እኔም አልጠየቅኩህ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጠይቅህ እየፈለግኩ ቆየሁ።

ነገ ደውልልኝ። አደራህን «አይዞሽ» እንዳትለኝ፤ ሁሉም እሱን ብሎኝ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የምጠይቅህን ብቻ መልስልኝ። ያን ቀን ፈርተህ ነበር? ፈርተህ ከነበረ፣ እየፈራህም በማግስቱ ሱቁን ከፍተሃል ማለት ነው። ያንን ከአፍህ ልስማና ሰኞ ልግባ።

የምትወድህ ታናሽህ