ማማው ሲደበቅ ዝም የምንለው

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ወንዙ ደክሟል። ሰውና መኪና የማሻግርባት ጀልባዬ የብረት ገመዷን ይዛ ስትንፏቀቅ ዋለች። ብስክሌተኞች፣ እንጆሪ የጫነች አንዲት መኪና... ሌላ የለም።

አንዱ እንግዳ መሀል ላይ ስልኩን ይዞ ሲለፈልፍ የኛ ሰዎች በዓይናቸው በሉት። ስንሻገር የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ ሲደበቅ ዝም ነው። ብቅ ሲል ወሬው ይቀጥላል። ዳር ስንደርስ "ለምንድን ነው?" አለኝ። "ለዕድል" አልኩት፣ ሁሌም እንደምለው። እኔስ ምን አውቃለሁ? ልጅ ሆኜ አባዬ አፌን በመዳፉ እየከደነ ነው ያስለመደኝ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ቪብከ መጣች። አስተማሪዬ ነበረች፤ ጡረታ ወጥታም ማዘዝ አልተወችም። የከተማው ምክር ቤት ወስኗል አለች፦ ታልከ ጠንቋይ አልነበረችም። ከሦስት መቶ ምናምን ዓመት በኋላ! የሰው ላም ነጠፈችና "የታልከ ሥራ ነው" ተባለ። እጅና እግሯን አስረው ወንዝ ውስጥ ጣሏት። ከተንሳፈፈች ጠንቋይ፣ ከሰጠመች ንጹሕ። ሰጠመች።

"እሁድ ለመታሰቢያዋ ጀልባዋን እዛው ታቆሚልናለሽ።"

"የት?"

"ዝም የምትሉበት ቦታ ነዋ! የሰጠመችው እዛ ነው። ስሟን ጮክ ብለሽ ትጠሪያለሽ።"

"እኔ?"

"ጀልባዋን የሚነዳው ማን ነው፣ ድመቴ ናት?"

ሳቅኩ። ከሄደች በኋላ ግን ዳር ላይ ተቀምጬ ውሃውን ሳየው ቆየሁ። በየቀኑ በላይዋ ስመላለስ ነው ለካ የኖርኩት? ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ ግን አይደለም... ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻዬን ስሆን የሚሰማኝ ዓይነት ነገር።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

ለአባዬ ነገርኩት። ድንች እየላጠ ነበር። ቢላውን አስቀመጠ።

"እዛ ቦታ አፍሽን ከከፈትሽ ጀልባዋን ዳግመኛ አልረግጣትም።"

"ምን ይመጣብናል ብለህ ነው?"

"ዝም በይ አልኩሽ!"

ድንቹን እንዳለ ትቶ ወጣ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ጀልባዋን ካስረከበኝ ወዲህ አንድም ቀን ሳይሻገር ውሎ አያውቅም። መሻገሩን ብነጥቀው ምን ይቀረዋል? ታልከንስ ማን ይጥራት?

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ዛሬ አልተሻገረም። ዳር ቆሞ ሲያየኝ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲጠፋ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"የኛ ቤት የበኩር ወንድ ልጅ ሁሉ ለምን ሃርም የሚባል ይመስላችኋል?" አለ። ለብዙ ሰው የሚያወራ ይመስል። እሱም ሃርም ነው፣ አባቱም ሃርም።

"የአያት ስም ስለሆነ ነዋ።"

"ታልከን የጣሏት ቀን ወደ መሀል የቀዘፈው የኛው የጥንቱ ሃርም ነው። ጎረቤቷ ነበር፣ የፍየሎቿን ወተት እየጠጣ ያደገ። ልትሰጥም ስትል ጠራችው። 'ሃርም!' አለች። ደግማም ጠራችው።"

"እሱስ?"

"ዝም አለ። ቢመልስላት 'አንተም የሷ ነህ' ሊሉት!" ባርኔጣውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየ። "እንደዛ ሲጠሩት ዝም ያለ ሰው፣ እዛው ቦታ ላይ ስለ ዓሣና ስለ ዝናብ የሚያወራበት ምን አፍ አለው? ዝም አለ፣ ልጁም ዝም አለ። ሌላው ሰው እኛን እያየ ለዕድል መሰለው።"

ያን ሁሉ ዓመት "ለዕድል" ስል...

"ነገ ልጥራት ወይስ ይቅር?" አልኩት። ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ቤት ሄደ።

ግንቦት 24፣ እሁድ

ልጻፈው።

ጀልባዋ ጢም ብላ ሞላች። ልንነሳ ስንል አባዬ መጣ፣ የክት ኮቱን ለብሶ። ማንንም ሳያይ ከፊት ሄዶ ቆመ። ማማው ወፍጮው ጀርባ ገባ። ጀልባዋን አቆምኳት። ያ ሁሉ ሰው፣ ትንፋሽ የለም። ከሥራችን ውሃው ሲሄድ ብቻ ይሰማል።

"ታልከ" አልኩ። ጮክ ብዬ ደገምኩ። "ታልከ!"

ጀልባዋ አልተገለበጠችም። ሰማዩም እንዳለ ነው። አባዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ውሃው ጎንበስ አለና፣ ጎረቤት በአጥር በኩል የጠራችው ይመስል፣

"አቤት" አለ።

ደግሞም መለሰላት፦ "አቤት፣ ታልከ። ሃርም ነኝ።"

እኔ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። አንዲት ቃል ናት። እግዚአብሔር ሆይ፣ ስንት ዘመን ጠበቀቻት?

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ወንዙ ዛሬም ደካማ ነው። አባዬ በጠዋቱ መጥቶ ተሳፈረ። ማማው ተደበቀ፣ ሁሉም እንደ ልማዱ ጸጥ አለ። አባዬ ወደ እኔ ዞረና፣

"የትናንቱ ድንች ጨው በዝቶበታል" አለኝ።

እዛው! መሀል ላይ!

"አቤት?" አልኩት።

"ጨው አብዝተሻል ነው የምልሽ!"

እስከ ዳር ድረስ ስለ ጨው ስንጨቃጨቅ ሄድን።