የነከስኩት እጅ

የዓይኔ ብርሃን ሔርሜላ፣ እመብርሃን ከፊትሽ ትቅደም። እኔ ደህና ነኝ፤ ያበጠው ዓይኔም ተከፍቷል።

አባትሽ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ተገኘበት። ለካ ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ ዕቃ መስበር ከዚያ ኖሯል! ባለፈው ሳምንት አንገቴን አንቆ አልለቅ ሲለኝ እጁን እስኪደማ ነከስኩት። የሰፈራችን የአርሂባ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው ያላቀቀን።

ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በፊት ደሙን አስመረመረ። ደም ውስጥ ያለው የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ መጠን ዕጢው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣል አለን። የአባትሽ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ግን መግል የያዘውን እጁን ሲያይ፣ "ይሄ ከዕጢው ይሁን ከቁስሉ በምን ልለየው?" ብሎ ተቆጣ። "ምን ነክሶዎት ነው?" ሲለው አባትሽ ቀና ብሎ አየኝና "ውሻ" አለ።

ሐኪሙ የእብድ ውሻ መርፌ ሊያዝለት ሲል "ውሻዋ እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ቁስሉ ሲድን ደሙን እንደገና ያዩታል፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ይከፍቱታል።

የማርሴይ ብርድ አይንካሽ፣ የሰው ፊት አያሳይሽ። ልጄ፣ ኩርፊያሽን ተይና ደውይለት። እጅህን ምን ነካህ ብትይው አሁንም ውሻ ነው ይልሻል፤ እሺ በይው።

እናትሽ ጥሩሰው