ለፒካፔ የሚስማማ የጭስ ቧንቧ

ሰኞ፣ መጋቢት 3

አሥራ አራት ቢዶን ወተት ጫንኩ። የዳገቱ ሁለተኛ ጥምዝ ላይ ፒካፔ እንደ ልማዷ ማቃሰት ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ቀጥ። ከሞተሩ ጎን ትክ ትክ ትክ... የጭሱ ሽታ ካቢና ውስጥ ድረስ። እስክትቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ሌላ ምን ላድርግ? የወተት ፋብሪካው በር ስደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ወተቱን መርምረው “ጎምዝዟል” ብለው መለሱት።

የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። “እህቴ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እንታገሥሻለን። ከዚያ ግን ከሁለት ሰዓት በፊት የሚያደርስ መኪና እንፈልጋለን” አለኝ።

ይህ ሥራ ከሄደ ፒካፗን ምን ላደርጋት ነው? እኔስ ምን ልሆን?

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

መካኒኩ ጋ ሄድኩ። “ዶክተሩ” የምንለው ካቻቪቴ ጆሮው ላይ ደግኖ ሞተር ስለሚያዳምጥ ነው። አዳመጠ። ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ የሚያወርደው ብረት ተሰንጥቋል።

“ሦስቴ በይጄዋለሁ፣ አራተኛ አልበይድም። ለእያንዳንዱ የሞተር ቀዳዳ የራሱ ቧንቧ ያለውን ግዢላት፣ ትንፋሽ ታገኛለች።”

ሁለት ዓይነት አለ አለኝ፤ ወፍራምና ቀጭን። ልዩነቱስ? “ወፍራሙ ለሚሮጥ፣ ቀጭኑ በዝግታ ለሚጎትት።” ልቤ ያኔውኑ ቀጭኑ ላይ አረፈ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ታላቅ ወንድሜ “ብቻሽን ያታልሉሻል” ብሎ መለዋወጫ መደብር ተከተለኝ። ወፍራሙ መስታወት ነው የሚመስለው። ጋሼ ፊቱን አየበትና ጺሙን አስተካከለ።

“መኪና የሚያደርጋት ይሄ ነው። ያኛውማ የባኞ ቤት ቧንቧ ነው።”

“ጋሼ፣ እኔ እኮ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወጣው። የት ልሮጥ?”

“አንቺ ወተትሽን ጫኚ፣ ብረቱን ለእኛ ተዪው።”

ሻጩ ሳቀ። እኔም ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ... ለምን ሰጠሁ? ወፍራሙን ይዘን ወጣን። ቤት እስክገባ ራሴን ስሰድብ ነበር።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

አልገባም። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲጠጋ ከቧንቧዎቹ ሁለተኛው ሄዶ የመሪው ዘንግ ላይ አረፈ። ሁላችንም የረሳነው ነገር... ፒካፗ ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር። ወደ ግራ ያዞሩት በኋላ ነው። ወፍራሙ የተሠራው ደግሞ ለቀኙ። ዶክተሩ ራሱን ያዘ፤ ስንት ዓመት ሲፈታት የኖረ ሰው!

ጋሼ ግን መፍትሔ አላጣም። “በመዶሻ ጠፍጥፈው፣ ይገባል።”

“አንገቷን አንቀህ ተንፍሺ ልትላት ነው?” አልኩት።

አፌ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ማንም አልሳቀም። ጋሼ ኩርፍ ብሎ ሄደ፣ እኔም አልለመንኩትም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ጠንካራ ሽቦ ይዤ ከሥሯ ገባሁ። ከሞተሩ ቀዳዳዎች ጀምሬ፣ የመሪውን ዘንግ እየሸሸሁ፣ እስከ ድምፅ ማፈኛው ማርሚታ ድረስ የመንገዱን ቅርጽ በሽቦው አጠማዘዝኩ። ዶክተሩ መሪውን ግራ ቀኝ ያዞርልኛል። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ጸጉሬ ግራሶ በግራሶ ሆነ።

ከዚያ ሽቦዬንና ወፍራሙን ቧንቧ ታቅፌ መደብር። ብቻዬን። ሻጩ “ምንድን ነው እሱ፣ አንቴና?” አለኝ። ቀጭኑን አውርድልኝ አልኩት። ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁት፣ ሽቦውን ከላዩ... ልክክ! ሻጩ ሦስቴ አገላብጦ አየ። ወፍራሙን ያለ ምንም ክርክር በቀጭኑ ለወጠልኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ታሰረ። በዘንጉና በቧንቧው መካከል ሁለት ጣት ይገባል። ዶክተሩ ካቻቪቴውን ደግኖ አዳመጠ፣ አዳመጠ...

“ምን አገኘህባት?”

“በሽታ ፈልጌ አጣሁ።”

ዓርብ፣ መጋቢት 14

ወጣሁ! ያው አሥራ አራት ቢዶን፣ ያው ዳገት። አንደኛው ጥምዝ፣ ሁለተኛው... ሦስተኛው ላይ ትንፋሼን ያዝኩ። እሷ ግን አልያዘችም። ነዳጁን ግማሽ ብቻ ረግጬ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተች ሽቅብ። ካቢና ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ፋብሪካው ሳይከፈት ደርሼ በሩን ባንኳኳ ዘበኛው “ማን ሞተ?” ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18

ምንም የለም። በሰዓቱ ደረስኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 29

ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አልዘገየሁም። ዛሬ ሊቀመንበሩ ገበሬዎቹ ፊት “የታችኛው መንደር ወተትም ካንቺ ጋር ይሁን” አለኝ። እሱን እያመሰገንኩ ከፒካፗ ሥር ተኝቼ ሽቦ ያጠማዘዝኩበትን እጄን አየሁት። ኮራሁበት።

ጋሼ ኩርፊያው አልቆለት ዛሬ አብሮኝ ጭኖ ወጣ። ሦስቱን ጥምዝ ስንጨርስ ጠብቆ ጠብቆ ጠየቀኝ።

“ቀጭኑ እንደሚሻል ግን በምን አወቅሽ?”

“የምነዳት እኔ ነኛ፣ ጋሼ።”

ዞር ብሎ የመቀመጫውን ቀበቶ አሰረ። “እሺ... ንጂ እንግዲህ።”

ነዳሁ።